የሕፃናት ተቅማጥ መንስኤ ጥናት ከአዲ አርቃይ ሲታይ

በታዳጊ አገሮች ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ በሽታዎች መካከል ተቅማጥ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በሀገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንደሚያሳዩት፣ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው የነበሩ ሕፃናት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 24፣ በ2005 ከመቶ 18፣ በ2011 ከመቶ 13፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 12 ነበር። በዚሁ ጊዜ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት ከ166 ወደ 67 ወርደዋል። ውጤቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች እንደምንረዳው የተቅማጥ ሕመም መቀነሱን አዝግሟል። ቀሪው ተቅማጥ ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ ተብለው የሚጠበቁት የመንስኤ ጥናቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥናቶች ከአንዲት ወረዳ፣ ከአዲ አርቃይ፣ ሆኖ መመዘን ነው።

አዲ አርቃይ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከደባርቅ አልፈን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከወረድን በኋላ የምናገኛት የሰሜን ጎንደር ወረዳ ናት። ከበላይዋ የስሜን ተራሮች፣ ከበታችዋ ወደ ተከዜ የሚዘልቀው ቆላ ይገኛሉ። የመረጥናት ልዩ በሽታ ስላለባት አይደለም፤ በሀገራችን ያሉ ብዙ ወረዳዎችን ስለምትመስል ነው። ደግሞም ከጥናት ማዕከላት ሩቅ አይደለችም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የመላክን ሐሳብ ይዞ ነበር። ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ በምትገኘው ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ሲካሄድ ቆይቷል። ስለዚህ ጥያቄው የርቀት ብቻ ሳይሆን ምን እንደምንጠይቅና እንዴት እንደምንጠይቅ ጭምር ነው።

ሁለቱ የጥናት ወገኖች

የተቅማጥን መንስኤ የሚያጠኑ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የሕፃኑን ዓይነ ምድር ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል፤ ሁለተኛው መጠይቅ ይዞ ወደ እናቲቱ ቤት ይገባል። የመጀመሪያው መንስኤ ሲል ተሕዋስያንን ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሃን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ ትምህርትንና ድህነትን። ሁለቱ ወገኖች አንዱን ሕፃን እያጠኑ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ የኖሩባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ቀደም ባለው ዘመን ሁለቱን ለማገናኘት የሞከሩ ሥራዎች ነበሩ። ጎርደን፣ ቺትካራና ዋዮን የተባሉት ተመራማሪዎች በሕንድ ፑንጃብ ካደረጉት ክትትል ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1963 «የጡት ማስጣያ ዘመን ተቅማጥ» የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ በሽታውን ከአንድ ተሕዋስ ይልቅ ከሕፃኑ ዕድሜ፣ ከምግቡና ከአካባቢው ጋር አያይዘው ተመለከቱት። ሊዮናርዶ ማታ በጓቲማላ አንዲት መንደር ውስጥ ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ ለዓመታት በመከታተል ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ አወጣ። በሀገራችንም ፍሬይና ዋል የተባሉት ስዊድናውያን በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የሕፃናትን ጤና ከኑሮ ሁኔታቸው ጋር አያይዘው ያጠኑትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳትመዋል። በዚያው ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች ተቅማጥ የያዛቸውን ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዓይነ ምድር መርምረው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎችንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ፈልገዋል። ሮታ ቫይረስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 መሆኑን ስናስታውስ፣ እነዚያ ጥናቶች ለዘመናቸው ምን ያህል ቅርብ እንደነበሩ እንገነዘባለን። ያሳዝናል የምንለው ቂርቆስና ላቦራቶሪው በአንድ ጥናት ውስጥ ሳይገናኙ መቅረታቸውን ነው።

ታላቁ ጥናትና ወሰኑ

የተሕዋስያኑ ወገን ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ሰፊው እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2011 በሰባት አገሮች የተካሄደውና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ጌምስ» በመባል የሚታወቀው ጥናት ነው። በጋምቢያ፣ በማሊ፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን ከመካከለኛ እስከ ከባድ ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ጤና ተቋም የመጡ 9,439 ሕፃናትን ከ13,129 ተቅማጥ ከሌለባቸው የሰፈራቸው ሕፃናት ጋር አነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት ከረጅሙ የተሕዋስያን ዝርዝር ውስጥ አራቱን፣ ማለትም ሮታ ቫይረስን፣ ክሪፕቶስፖሪዲየምን፣ ሺጌላንና መርዝ አመንጪውን ኢ. ኮላይ፣ ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው መንስኤዎች አድርጎ አስቀመጠ።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ግን ከዚህ ዝርዝር ይበልጥ የሚያስተምሩ ሦስት ውጤቶች አሉ። አንደኛው የሚከተለው ነው፦ ቢያንስ አንድ ተሕዋስ የተገኘው ከታመሙት ሕፃናት ከመቶ 83ቱ ላይ ሲሆን፣ ካልታመሙትም ከመቶ 72ቱ ላይ ተገኝቷል። ይህ ማለት በዓይነ ምድር ውስጥ ተሕዋስ መገኘቱ ብቻውን የሕመሙን መንስኤ አያረጋግጥም ማለት ነው። ጃርዲያ ከዚህ ዓይነቱ ተቅማጥ ጋር እንደ መንስኤ ዝምድና አላሳየም። ይህንን በየጤና ጣቢያው በአጉሊ መነጽር ከሚደረገው ምርመራ ጋር እናነጻጽረው። «ጃርዲያ» ወይም «አሜባ» የሚል ወረቀት ከላቦራቶሪ በመጣ ቁጥር ሜትሮኒዳዞል የማዘዝ ልማድ ሥር ሰድዷል። አጉሊ መነጽር በሽታ አምጪውን አሜባ ከማይጎዳው መንትያው ለመለየት እንደማይችል ግን ሁላችንም ተምረናል። የተገኘውን ሁሉ መንስኤ ማለት ቀላል ነው፤ ያልታመመውን ሕፃን መርምሮ ማነጻጸር ግን ድካም ይጠይቃል። ጌምስ ያንን ድካም ስለ ደከመ ሊመሰገን ይገባል።

ሁለተኛው ውጤት ሞትን የሚመለከት ነው። ከታመሙት ሕፃናት መካከል ሁለት ወር ገደማ በቆየው ክትትል 190 ሲሞቱ፣ ካልታመሙት 37 ሞተዋል። የታመሙት የመሞት ዕድል በ8.5 እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ከታመሙት መካከል ከሞቱት ከመቶ 88 የሚሆኑት ከሁለት ዓመት በታች ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞት የደረሰው ሕፃኑ ታክሞ አንድ ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው፤ ከግማሽ በላዩም የደረሰው ከጤና ተቋም ውጭ ነው። በመዝገባችን ላይ «ተሽሎት ተሸኘ» ብለን የጻፍነው ሕፃን ታሪክ በዚያ ላይ አያበቃም ማለት ነው።

ሦስተኛው ውጤት የመጣው ከድጋሚ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሥራ የተቀመጡትን ናሙናዎች የተሕዋስያንን መጠን በሚለካ የዘረመል ምርመራ መልሶ ሲፈትሽ፣ ሺጌላ ወደ ፊት መጣ፤ አዴኖ ቫይረስና ካምፒሎባክተርም ከዋነኞቹ ተርታ ገቡ። መንስኤያቸው ተለይቶ የታወቀ ሕመሞች ድርሻም ከግማሽ ያህል ወደ ከመቶ 89 ከፍ አለ። ከሺጌላ ጋር ከተያያዙት ሕመሞች ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ደም አልታየባቸውም። አንድ ዓይነት ናሙና በሌላ መሣሪያ ሲመረመር ሌላ ደረጃ ሰጠ። ስለዚህ የመንስኤዎች ዝርዝር የመጨረሻ ፍርድ ሳይሆን መሣሪያው እስከሚያይበት ድረስ ያለ እውቀት ነው።

ይሁን እንጂ ከአዲ አርቃይ ሆኖ ሲታይ የዚህ ጥናት ወሰን ጎልቶ ይወጣል። ከሰባቱ አገሮች ኢትዮጵያ የለችም። ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ በስምንት አገሮች የተከታተለው «ማል-ኢድ» የተባለው ሌላው ታላቅ ጥናትም ኢትዮጵያን አላካተተም። ለዚህ ምክንያት አለው፤ እንዲህ ያለው ጥናት አስቀድሞ ቆጠራ የተካሄደበት ሕዝብ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣና የሠለጠነ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ነገር ግን መብራትና ላቦራቶሪ ያለበት ስፍራ ሁሉ ከሌለበት ስፍራ ይለያል፤ የሚለየውም ለተቅማጥ ወሳኝ በሆኑት ነገሮች ነው። በተጨማሪም ጌምስ የተመለከተው ወደ ጤና ተቋም የመጡትን፣ ሕመማቸው ከጀመረ ከሰባት ቀን ያልበለጣቸውን ሕፃናት ነው። ከስሜን ግርጌ ካለ ጎጥ ተነሥታ ልጇን አዝላ በእግሯ የምትመጣ እናት ሰባቱን ቀን በቤቷና በመንገድ ልትጨርሰው ትችላለች፤ እንዲህ ያለው ሕፃን በጥናቱ መስፈርት መሠረት አይቆጠርም። ጊዜውም ተለውጧል። ያ ጥናት የተካሄደው የሮታ ክትባት በእነዚያ ሥፍራዎች በስፋት ሳይገባ ነው፤ በኢትዮጵያ ክትባቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ተመራማሪዎቹ በጋምቢያ፣ በማሊና በኬንያ ከክትባቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ተመልሰው ማጥናታቸው ተገቢ እርምጃ ነበር። አስቀድሞ ያልተጠናበት ሥፍራ ግን የሚመለስበት መነሻ የለውም።

የራሳችን ጥናቶች

ሁለተኛው ወገን በሀገራችን እጅግ የበረታው ነው። «በእገሌ ወረዳ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የተቅማጥ ስርጭትና ተዛማጅ ምክንያቶች» የሚል ርእስ ያላቸው ጽሑፎች በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተከማችተዋል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፦ በቀመር የናሙና ቁጥር ይወሰናል፤ መረጃ ሰብሳቢዎች አንድ ጊዜ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እናት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጇን ተቅማጥ ይዞት እንደነበር ትጠየቃለች፤ መልሷ ከትምህርቷ፣ ከመጸዳጃ ቤቷ፣ ከውሃዋና እጇን ከመታጠቧ ጋር በስታቲስቲክስ ይዛመዳል። የመደምደሚያው ሐሳብም አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «ለእናቶች የጤና ትምህርት ይሰጥ»።

እነዚህን ሥራዎች መናቅ ተገቢ አይደለም። በትንሽ ወጪ ለየወረዳው ቁጥር ሰጥተዋል፤ አንድ ትውልድ ተመራማሪም አሠልጥነዋል። ነገር ግን የመንስኤ ጥናት ተብለው ሲቀርቡ አራት ብርቱ ጉድለቶች ይታዩባቸዋል።

የመጀመሪያው የመረጃው ምንጭ ትውስታ መሆኑ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ዓይነ ምድር ማለት ተቅማጥ ነው ብለን በመጠይቁ ላይ እንጽፋለን፤ እናቲቱ ግን ጥርስ ሲያበቅል የመጣበትን ተቅማጥ እንደ በሽታ ላትቆጥረው ትችላለች። «እጅሽን በሳሙና ትታጠቢያለሽ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅም እንግዳው መስማት የሚፈልገውን ታውቃለች።

ሁለተኛው ወቅት ነው። ሮታ ቫይረስ በአብዛኛው በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት ሲበረታ፣ ባክቴሪያዎቹ በሙቀትና በዝናብ ወራት ይበረታሉ። የመረጃ መሰብሰቢያው ወር ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በመሆኑ፣ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት እንደ አዲ አርቃይ ባለ ወረዳ የአንድ ወር ቁጥር የዓመቱን መልክ ሊናገር አይችልም።

ሦስተኛው መንስኤንና ምልክትን ማምታታት ነው። ሳሙና ያላት እናት ሳሙና ብቻ አይደለም ያላት፤ ሳሙና መግዣ ገንዘብ፣ ቅርብ ውሃ፣ ምናልባትም ለጤና ጣቢያ የቀረበ ቤት አላት። ከእነዚህ መካከል ሕፃኑን የጠበቀው የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ በተደረገ ጥየቃ መለየት አይቻልም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት የፍርዱ አቅጣጫ ነው። የሚጠየቀው እናቲቱን ብቻ ስለሆነ ጥፋተኛዋም እርሷ ሆና ትገኛለች። እስኪ እናስላው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን ቢቀዳለት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 8 ሊትር ነው፤ ይህም ለስደተኞችና ለተፈናቃዮች መጠለያ ዝቅተኛ መጠን ተብሎ ከተቀመጠው 15 ሊትር ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚህ 8 ሊትር ወጥ ይሠራበታል፣ ይጠጣል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ የሕፃኑ ጨርቅ ይታጠባል። ለዚህች እናት እጅ መታጠብን ማስተማር የማታውቀውን መንገር ሳይሆን የሌላትን መጠየቅ ነው።

ጦርነትም በእነዚህ መጠይቆች ላይ ስፍራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይን ሲነካ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተፈናቅለዋል፤ በክልሉ ጦርነት በደረሰባቸው አካባቢዎች በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። በመጠለያ የተጨናነቀ ሕዝብ፣ የተቋረጠ ክትባትና የተዘጋ ጤና ኬላ ከማንኛውም «ተዛማጅ ምክንያት» ያላነሱ መንስኤዎች ናቸው።

ከሙከራዎቹ የምንማረው

መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ መንስኤውን ያስወግዳሉ የሚለው እምነት በቅርብ ዓመታት በታላላቅ ሙከራዎች ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተሙት ሁለት ተጓዳኝ ሙከራዎች የውሃ ማከሚያ፣ የተሻሻለ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ለየቤቱ ሲሰጥ በባንግላዴሽ ተቅማጥ ቀነሰ፤ በኬንያ ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የዚምባብዌ ሙከራም አልቀነሰም። በሦስቱም አገሮች የሕፃናቱ ቁመት በእነዚህ ሥራዎች አልተሻሻለም። ከዚህ ተነሥቶ «ንጽሕና አይጠቅምም» ማለት ስሕተት ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ከብት፣ በግና ዶሮ ከሰው ጋር በሚያድሩበት፣ ሕፃን በሚድህበት መሬት ላይ ፍግ በሚገኝበትና ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ኑሮ፣ በአንዲት ባልዲና በአንድ ጉድጓድ ብቻ የተሕዋስያኑን መንገድ መዝጋት አይቻልም። ለቤት የሚሰጠው አነስተኛ እርዳታ ለመንደሩ መሰጠት የሚገባውን የውሃ አቅርቦት አይተካም።

መንስኤን ማወቅ ለምን?

አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተገቢ ጥያቄ ልታነሣ ትችላለች፦ «ኦ.አር.ኤስ. መንስኤውን ሳይጠይቅ ይሠራል። ታዲያ መንስኤውን ማወቅ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» እውነት አላት። ፈሳሽን በአፍ የመተካት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ በተደረገ ጥናት ውጤታማነቱ ከታየ ወዲህ፣ ዚንክም እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጨመረበት ወዲህ፣ አብዛኛውን ሞት ለመከላከል የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። በ2016ቱ ዳሰሳ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ኦ.አር.ኤስ. ያገኙት ከመቶ 30 ብቻ መሆናቸው እንደሚያሳየን፣ የሚታወቀውን አለመፈጸማችን ካለማወቃችን ያልተናነሰ ገዳይ ነው።

ነገር ግን ኦ.አር.ኤስ. የዛሬውን ሕመም ያክማል እንጂ የነገውን አይከለክልም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለማን መስጠትና ለማን መከልከል እንዳለብን፣ የትኛው ክትባት እንደሚያስፈልገን፣ የትኛውን ምንጭ መከለል እንዳለብን የሚነግረን መንስኤውን ማወቅ ነው። ስም መስጠትም ራሱ ሥራ ነው። በብዙ ዓመታት ሪፖርቶች ላይ «አተት» ተብሎ የተመዘገበው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ኮሌራ መሆን አለመሆኑ በናሙና ሳይረጋገጥ ሲቀር፣ ጸበልና የጉልበት ሥራ ፍለጋ ሕዝብ ከየአቅጣጫው በሚያሰባስቡባቸው ሥፍራዎች ዝግጅት ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2023 በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ ይህንኑ ያስታውሰናል።

መንስኤን ማወቅ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እናቲቱም መንስኤ ትፈልጋለች። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሕፃን ተቅማጥ ከጥርስ ማብቀል ጋር ስለሚያያዝ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥም የተለመዱ ጎጂ ድርጊቶች ሆነው ቆይተዋል። ድርጊቱን እንኮንናለን፤ ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን ትዝብት ግን ልብ ልንለው ይገባል። ጥርስ የሚወጣበት ወራት ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ላይ የሚድህበት፣ ያገኘውን ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያም የሚሟጠጥበት ነው። እናቲቱ ጊዜውን በትክክል አይታለች፤ የሳተችው ምክንያቱን ነው። «ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም» ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ «ጊዜው ልክ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚበላውንና የሚድህበትን እንጠብቅ» ማለት ይበልጥ ይሰማል። ይህ ምክር ፑንጃብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተደረሰበት መደምደሚያ ጋር ይስማማል።

ምን ዓይነት ጥናት?

ለአዲ አርቃይና ለመሰሎቿ የሚያስፈልገው ጥናት ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚካሄድ፣ የታመመውን ካልታመመው የሚያነጻጽር፣ ዓይነ ምድሩን መርምሮ በዚያው ሳምንት የቤቱንና የምንጩን ውሃ የሚለካ፣ ሕፃኑን ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሊሆን ይገባዋል። ናሙናን አድርቆ ወይም በመጠበቂያ ፈሳሽ አቆይቶ ወደ ማዕከል መላክ ዛሬ ይቻላል፤ ላቦራቶሪው የግድ ሊማሊሞን መውረድ የለበትም። ዋናው ግን ውጤቱ ወደ ቀበሌው መመለሱ ነው። ስሙ በርእሱ ላይ የተጻፈ ወረዳ ጽሑፉን ሳያየው ሲቀር፣ ወረዳው የተጠቀሰው እንደ ናሙና ብቻ ነው ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ በእጃችን አለ። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የሕፃኑን ዕድሜ በወር፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ደም መኖር አለመኖሩን፣ ጎጡንና ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ፣ ከመምጣቱ በፊት ኦ.አር.ኤስ. ማግኘት አለማግኘቱን፣ በሁለተኛው ሳምንትም በሕይወት መኖሩን በጥንቃቄ እንመዝግብ። ይህ ሳይንሳዊ ጥናት አይተካም። ነገር ግን የአንድ ዓመት መዝገብ በወርና በምንጭ ተለይቶ ሲደረደር፣ በየትኛው ወር ከየትኛው ጎጥ ሕፃናት እንደሚበዙ ያሳያል፤ ጥናቱ በመጣ ጊዜም ከየት መጀመር እንዳለበት ይጠቁማል።

የጎንደር ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድነት ሲያሠለጥን የተቅማጥን መንስኤ በአንድ ሙያ ብቻ ማየት እንደማይቻል ተገንዝቦ ነበር። በኋላ ሙያዎቹ ተለያዩ፤ ጥናቶቹም አብረው ተለያዩ። ሕፃኑ ግን አሁንም አንድ ነው፤ የሚጠጣውም ውሃ፣ በሆዱ ያለውም ተሕዋስ፣ የእናቱም ድካም በእርሱ ላይ ይገናኛሉ።